በደረቴ ውስጥ የተተከለው ማን የሠራው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ስለ ጡት ካንሰር የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ሳልዘልል ከሚያነቡት አንዷ ነኝ። ሴቶች ራሳቸውን እንዲዳስሱ፣ እብጠት ሲያገኙም ውለው ሳያድሩ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ የሚመክሩት እነዚህ ጽሑፎች እኔን ራሴን ጠቅመውኛል። ነገር ግን ጡቷ ተነሥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ጡት የተተከለላት ሴት ከዚያ በኋላ ምን መከታተል እንዳለባት የሚናገር ጽሑፍ በገጾቻችሁ ላይ አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ጉዳይ ነው። ስሜን እንዳታወጡት ግን አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ላለፉት 19 ዓመታት በአንድ የጤና ተቋም በካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። በ2007 ዓ.ም. በግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ጡቴ ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ ኬሞውንም ጨረስኩ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ወጪውን ችላልኝ በአንድ የግል ሕክምና ማዕከል ሲሊኮን ተተከለልኝ። «ከሞት ተርፋ ጡት አማራት» ያሉኝ አልጠፉም። በአንድ ወገን ክብደት የጎደለው ትከሻ እንዴት እንደሚያዘነብል፣ ጡት መያዣ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ታክሲ ውስጥ በክርን እየደገፉ መሄድ ምን እንደሚመስል ግን የቀመሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በውሳኔዬ ዛሬም አልጸጸትም።

ጭንቀቴ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ክረምት እህቴ ደውላ «ያንቺ የማን ምርት ነው? ሸካራ ነው ልሙጥ?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ ነው። አብራት የምትሠራ ሴት የተተከለላት ዓይነት ከገበያ የተሰበሰበ መሆኑን ሰምታ ነበር የደወለችው። እኔም «ሲሊኮን ነው» ብዬ መለስኩላት። ለካ ይህ፣ ምን ዓይነት መኪና ገዛሽ ሲሏት «ባለ አራት ጎማ ነው» ብላ እንደምትመልስ ሴት መሆን ነው።

ከዚያ በኋላ ባደረግሁት ንባብና ሐኪሞችን በመጠየቅ የተረዳሁት ይህ ነው። አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል በሚባል አሠራር ገጻቸው እንዲሻክር የተደረጉ ሰው ሠራሽ ጡቶቹን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጠየቀው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ሰውነት በሰው ሠራሹ ጡት ዙሪያ በሚሠራው የጠባሳ ከረጢት ውስጥ የሚነሣ፣ የጡት ካንሰር ያልሆነ፣ ከበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚመነጭ፣ ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነበር። በወቅቱ መሥሪያ ቤቱ ከመላው ዓለም ከሰበሰባቸው 573 ታማሚዎች መካከል 481ዱ የዚሁ ኩባንያ ምርት የተተከለላቸው ሲሆኑ፣ 33 ሴቶች ሞተዋል። ሰው ሠራሽ ጡት ያላቸው ሴቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ በመሆናቸው በሽታው እጅግ ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱም ምንም ምልክት የሌላቸው ሴቶች ለጥንቃቄ ብለው እንዲያስወጡት አልመከረም። ይህን በግልጽ የምጽፈው አንዲት እህት ደብዳቤዬን አንብባ በድንጋጤ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዳትሮጥ ነው።

ነገር ግን ለአንዲት ሴት «ያንቺ ከተሰበሰቡት ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ለመንገር በመጀመሪያ የተተከለላት ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የእኔ አልታወቀም። በእጄ ያለው የመውጫ ወረቀት «በግራ በኩል የሲሊኮን ተከላ ተደርጎላታል» ከማለት በቀር ስምም ቁጥርም የለውም። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ፤ ጫጫን ስናልፍ ገና አልነጋም ነበር። ማዕከሉ ሕንጻ ቀይሯል። በካርድ ክፍሉ ያገኘሁት ወጣት ትሑት ነበርና ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልጎ ፋይሌን አወጣልኝ። የሙያ ባልደረባህ ነኝ ስላልኩት መሰለኝ፣ ገጾቹን አብሬው እንዳገላብጥ ፈቀደልኝ።

የቀዶ ሕክምናው ቅጽ ከፋይሉ መካከል ተገኘ። የማደንዘዣው መጠን፣ የተሠራበት ሰዓት፣ የነርሷ ፊርማ፣ ሁሉም በየቦታው ሰፍሯል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን ታትማ ውስጧ «የዕቃው መለያ እዚህ ይለጠፍ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አለ። ሳጥኗ ባዶ ናት። አምራቾቹ የኩባንያውን ስም፣ የሞዴሉን ዓይነት፣ መጠኑንና መለያ ቁጥሩን የያዙ ተለጣፊ ወረቀቶችን ከዕቃው ጋር በአንድ ካርቶን የሚያሽጉት አንዱ በታካሚዋ ፋይል ላይ እንዲለጠፍ፣ አንዱም ለእሷ እንዲሰጣት ነው። የእኔዎቹ ምናልባት ከካርቶኑ ጋር ወደ ቆሻሻ ሄደዋል። ወጣቱ ሳጥኗን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ያኔ የነበሩት ዶክተር ለቀዋል፤ ዕቃውን የሚያመጣልን አስመጪም ሌላ ነበር» አለኝ። ካርድ ጠፋ የሚለው ቃል በእኛ ሙያ ነውር ነው፤ ካርዱ ተገኝቶ ዋናው ነገር ሳይጻፍበት መቅረቱን ግን ምን እንደምለው አላውቅም።

የዕቃው ማንነት መታወቁ የወረቀት ወግ ብቻ እንዳልሆነ የፈረንሳዩ ፒአይፒ ኩባንያ ታሪክ ያሳያል። ይህ ኩባንያ ለሕክምና የተፈቀደውን ሲሊኮን ትቶ ለኢንዱስትሪ የሚውለውን ርካሽ ሲሊኮን እየሞላ ሲሸጥ በመገኘቱ ምርቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ታገደ፤ መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስም እ.ኤ.አ. በ2013 ማርሴይ ላይ በማጭበርበር የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚያ ሰው ሠራሽ ጡቶች ከሌሎቹ ቶሎ የሚቀደዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቁጥሯን በእጇ የያዘች ሴት በአንድ ቀን የቁርጡን ስታውቅ፣ ወረቀት የሌላት ሴት ግን ቀዶ ሐኪሟን ፍለጋ ተንከራታለች። የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የሕክምና መሣሪያዎች ደንቡ አምራቹ የተከላ ካርድ ከዕቃው ጋር እንዲያቀርብ፣ ሆስፒታሉም የታካሚዋን ማንነት ጽፎበት እንዲሰጣት ያስገድዳል። ኔዘርላንድስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጡት ተከላዎችን የምትመዘግብበት አገር አቀፍ መዝገብ አላት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ስሜን የሸሸግሁበት ምክንያት ነው። ባለፈው ፍልሰታ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቼ ነበር። ከጠበል ወጥቼ ልብሴን ስለብስ አንዲት ከመንዝ የመጣች ወጣት ጠባሳዬን አይታ ጠጋ አለችና፣ በጆሮዬ «የእርስዎም የተሠራ ነው?» አለችኝ። ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ባጠራቀመችው ገንዘብ ጡቷን አሠርታ ነበር። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቀኝ ጡቷን አስዳሰሰችኝ፤ እንደ ኳስ ደድሮ ወደ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ጎኗ መተኛት ካቆመች ዓመት አልፏታል። ሐኪም ዘንድ ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት «መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ለምን አሠራሽው ብለው ነው» አለችኝ። ወረቀት እንዳላት ጠየቅኋት፤ የላትም። ሐኪሙ የከረጢቱ መኮማተር ብሎ የሚጠራው ይህ ችግር ከጡት ተከላ በኋላ ከሚያጋጥሙት ሁሉ በብዛት የሚታይ ነው፤ ሕክምናም አለው። እሷ ግን የኀጢአቷ ቅጣት መስሏት በጠበል ስታስታምመው ከረመች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም የሄድኩት አምኜ ነው። ይሁን እንጂ ከጠበሉ አስቀድሞም በኋላም ወደ ሐኪም መሄድ እንዳያሳፍራት ማድረግ የእኛ የጤና ሠራተኞች ድርሻ ነበር። ካንሰር ስለያዘኝ እኔን የሚያዝንልኝ ሰው ለውበት ብላ ያሠራችውን እህት ሊያሸማቅቃት አይገባም፤ የሁለታችንም ሲሊኮን ያው ነው።

ሰው ሠራሽ ጡት ዕድሜ ልክ የሚኖር ዕቃ እንዳልሆነም ለሁለታችንም የነገረን አልነበረም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በሰጠው መመሪያ መሠረት የሲሊኮን ተከላ ያላት ሴት ምንም ባያማትም ከተተከለላት ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መታየት አለባት። ሲሊኮኑ ወፍራም በመሆኑ ቢቀደድም ከከረጢቱ ሳይወጣ፣ ሕመም ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል ነው። በራሴ ላይ ሳሰላው የመጀመሪያው ምርመራዬ እህቴ ከደወለችበት ዓመት ማለፍ አልነበረበትም።

ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ፣ በውስጡ ውኃ መቋጠሩን ማሳየት ያስፈልጋል። ውኃው በመርፌ ከተቀዳ ደግሞ እንዳይደፋ፤ የዚያ ሊምፎማ ምልክት የሚፈለገው በዚያው ውኃ ውስጥ ነውና ለሲዲ 30 (በሊምፎማው ሕዋሳት ላይ ለሚገኝ ፕሮቲን) ምርመራ ወደ ላብራቶሪ መላክ አለበት። በጊዜው ሲደረስበት ሰው ሠራሹን ጡትና ዙሪያውን ያለውን ከረጢት አብሮ በማውጣት ብዙዎቹ ይድናሉ።

ይህን ሁሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው፣ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ በኖረባት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው አለኝ። አልቀበለውም። እኔ የምጠይቀው ማሽን ወይም አዲስ ሕንጻ ሳይሆን፣ ከዕቃው ጋር በነጻ የሚመጣውን ተለጣፊ ወረቀት በፋይሉ ላይ መለጠፍና አንዱን ለታካሚዋ መስጠት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ቁጥጥር ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ወደ አገር የሚገባ እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ጡት በየትኛው ማዕከል እንደ ዋለ እንዲመዘገብ፣ ያለ ተከላ ካርድም ታካሚ ከማዕከል እንዳትወጣ ቢያዝዝ፣ አንድ ምርት በዓለም ገበያ ሲሰበሰብ የሚደወልላቸውን ሴቶች ለማወቅ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ከውጭ አገር አሠርተው የመጡት እህቶችም ወረቀታቸው ዛሬም በእጃቸው ካለ ፎቶ አንሥተው ከአንድ በላይ ቦታ ቢያስቀምጡ ይበጃቸዋል።

እኔ ባለፈው ኅዳር አልትራሳውንድ ተነሥቻለሁ፤ ውኃም መቀደድም አልታየም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንድመለስ ተነግሮኛል። ሐኪሟ ቅጹን ስትሞላ «የምርቱ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ሰረዝ አድርጋ አለፈችው።

ወጣቱ ፎቶ ኮፒ ያደረገልኝን የቀዶ ሕክምና ቅጽ፣ የማዕከሉንና የእኔን ስም ሸፍኜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ቦታ ከተገኘ ባዶዋ ሳጥን እንድትታይ አድርጋችሁ ብታወጡት፣ ባለሥልጣኑም በጉዳዩ ላይ የሚለው ካለ በዚሁ ዓምድ እንዲመልስ ብትጠይቁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ