ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቱቦውን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የልብስ ማድረቂያ ማሽን የአየር ማስወጫ ቱቦን ግድግዳ ውስጥ መቅበር ቦታ እንደሚቆጥብና ክፍሉንም እንደሚያሳምር በቤት ዕድሳት ዓምዳችሁ ላይ አንብቤያለሁ። ሐሳቡን አልቃወምም። ማሽኑ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ ከኋላው የሚጨማደድ ቱቦም አይኖርም። ግን ምን ዓይነት ቱቦ እንደሚቀበር ትንፍሽ አላላችሁም፤ ዋናው ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው። ሥራዬ የእነዚህ ማሽኖች ጥገና ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከማሽኑ የሚወጣው አየር እርጥበት ብቻ አይደለም የሚይዘው። ከጨርቁ የተላቀቀ ደቃቅ ብናኝም አብሮ ይወጣል። ማጣሪያዋ ብዙውን ታስቀራለች እንጂ ሁሉንም አትይዝም። ይህ ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቱቦው ውስጥ ሲጠራቀም አየሩ መውጫ ያጣል፣ ማሽኑ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መገመት አያቅትም። ማሽኑ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የቃጠሎው ጭስም የሚወጣው በዚያው ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦው ሲደፈን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ልብስ አልደርቅ ብሏቸው ጠሩኝ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ግድግዳው ሲከፈት የተገኘው ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ፣ ውስጡ ሽቦ የተጠመዘዘበት ተጣጣፊ ቱቦ ነው። መታጠፊያው ላይ በእንጨቱና በጂፕሰሙ መሀል ተጨፍልቋል። የሽቦው ጥምዝ ባለበት ሁሉ ብናኝ ይዟል፤ ግራጫው ብናኝ እርጥበት እየጠጣ ተጋግሮ፣ በጣቴ ስስበው እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሳይበጠስ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳት አልተነሳም። ያንን ቱቦ የቀበረው ሰው ግን ግድግዳው አንዴ ከተዘጋ ማንም እንደማያየው ያውቃል፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ጠንካራ የብረት ቱቦ ብቻ ነው። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ወይም ጠንካራ አሉሚኒየም፣ ውስጡ ልሙጥ፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 4 ኢንች። ፕላስቲክ ጨርሶ አይሆንም። ተጣጣፊው የብረት ቱቦ ማሽኑን ከግድግዳው ለማገናኘት፣ ያውም አጭር ሆኖ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ይሁን። ቱቦዎቹ ሲገጣጠሙ የአንዱ ጫፍ በሌላው ውስጥ የሚገባው አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ከተገለበጠ የመገጣጠሚያው ጠርዝ ብናኝ ይለቅማል። ጫፉ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቪትም እንደዚያው ነው። መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ፕላስተር አሽጉት። የጨርቁ ፕላስተር ሙቀት ሲበዛበት ይደርቅና ይላቀቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግድግዳው ውፍረት ላይ ነው። በተለመደው ቀጭን የእንጨት ፍሬም መሀል ያለው ክፍተት 89 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቱቦው ደግሞ 100። ስለዚህ ሠራተኛው በመዶሻ ይጠፈጥፈዋል፤ የጠፈጠፈው ቦታ ላይ አየሩ ይታፈናል። 140 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ፍሬም ከተሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ቱቦው ለግድግዳው ፊት በሚቀርብበት ቦታ ሁሉ የብረት ሰሌዳ ይለጠፍበት፣ አለበለዚያ ነገ ፎቶ ለመስቀል የሚመታ ምስማር ይበሳዋል።

ርዝመቱም ገደብ አለው። በአሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ኮድ (IRC) 10.7 ሜትር ይላል፤ ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 90 ዲግሪ መታጠፊያ 1.5 ሜትር ይቀነሳል። ሁለት ጊዜ ከታጠፈ 7.7 ሜትር ቀረ ማለት ነው። የማሽኑ አምራች በመመሪያው ሌላ ቁጥር ካስቀመጠ እሱን ተከተሉ።

መጨረሻው የግድ ውጭ ይሁን። ጣሪያ ስር የሚለቁት አሉ፤ እንጨቱ ሻጋታ ያበቅላል። መውጫው ላይ አየሩ ሲገፋት የምትከፈት፣ ሲቆም የምትዘጋ መክደኛ ይኑር። ወፍ እንዳይገባ ብላችሁ ወንፊት አታድርጉበት፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በብናኝ ይደፈናል። ውጭ የሚያደርስ መንገድ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ እርጥበቱን ወደ ውሃ ቀይሮ የሚያጠራቅም፣ ቱቦ የማያስፈልገው ማሽን አለ፤ ያንን መግዛት ይሻላል።

አዘጋጆቹን የምለምነው ይህንን በሥዕል አስደግፋችሁ እንድታወጡት ነው። ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ጂፕሰሙ ከመገጠሙ በፊት ቱቦው የሚሄድበትን መስመር ከነሜትሩ ፎቶ አንሱት። ግድግዳው የተዘጋባችሁም ማሽኑን አስነሱና ውጭ ወጥታችሁ እጃችሁን መውጫው ላይ ያዙ። ሙቅ አየር እየገፋ መምጣት አለበት። መክደኛዋ በደንብ ካልተከፈተች ወይም አየሩ ከደከመ ማሽኑን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ