ዳገቱ ላይ ጥላችሁኝ ላልሄዳችሁ በሙሉ

እግሬ ደረጃ አልወርድም ብሎኝ ቁጭ ባልኩበት ነው ይሄን የምጽፈው፣ ሞቅ እንዳለኝ ላመስግናችሁ ብዬ። የሳይክል ጉዞውን ጨርሻለሁ! ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የገባሁት ግን ከሰዓት ገደቡ በፊት ነው፣ የዘገየውን እየለቀመች ከኋላ የምትከተለዋ መኪና አልጫነችኝም፣ ለኔ ይሄ ዋንጫ ነው።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ከፊቴ ለነበራችሁት። ሳይክል የማይነዳ ሰው ከሰው ጀርባ ተለጥፎ መሄድ ማጭበርበር ይመስለዋል፣ አይደለም ባካችሁ፣ ጨዋታው እራሱ እሱ ነው። በሰዓት 40 ኪሎሜትር ስትነዳ አብዛኛውን ጉልበትህን የሚበላው ንፋሱ ነው፣ ከፊት ካለው ሰው ጎማ ጠጋ ካልክ ግን ሲሶ ገደማው ይተርፍልሃል። በተራ በተራ ከፊት እየወጣን ንፋሱን ስንካፈል "ተራህ ሲደርስ ፍጥነት አትጨምር፣ እንዳገኘኸው ይዘኸው ሂድ" ያልከኝ ጋሼ፣ እውነትህን ነው፣ አንዱ ተራው ሲደርስ ጉልበቱን ሊያሳይ ሲፈተለክ ጠቅላላ ሰልፉ እንዴት እንደተበጣጠሰ አየነው አይደል። ጉድጓድና ጠጠር ባያችሁ ቁጥር በእጃችሁ ስታሳዩ ለነበራችሁትም እግዜር ይስጥልኝ፣ ከኋላ ያለ ሰው ከጎማና ከጀርባ ሌላ ምንም አይታየውም።

ዳገቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ጽሁፍ ያጻፈኝም እሱ ነው። 10 ፐርሰንት ዳገት ማለት በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው፣ እኔና ሳይክሌ ተደምረን 80 ኪሎ ገደማ ነን፣ እዛ ላይ በሰዓት 10 ኪሎሜትር ለመሄድ ብቻ ከ200 ዋት በላይ ያስፈልጋል። በዛ ፍጥነት ደግሞ ንፋስ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የሰው ጀርባ ምንም አይጠቅምም፣ ክብደትህን እራስህ ነህ የምታወጣው። ሜዳ ላይ አብሮ መሄድ ለሁሉም ያተርፋል፣ ዳገት ላይ ቀርፋፋውን የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያገኘው ነገር የለም፣ ሰዓቱን ነው የሚያቃጥለው። እናንተ ሶስታችሁ ግን ጠበቃችሁኝ። "እግርህን ቶሎ ቶሎ አዙር፣ አትግፋው"፣ "ጫፉን አትየው፣ እስከ ኩርባው ብቻ እይ" እያላችሁ፣ እኔ መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ እንኳን አልነበረኝም፣ አናቴን ከመነቅነቅ ውጪ። ሄዳችሁ ቢሆን ማንም አይፈርድባችሁም ነበር። ያን አልረሳውም።

መካኒኩ ጓደኛዬ፣ ከፊት 34 ከኋላ 32 ጥርስ አድርገህ የገጠምክልኝ፣ ለዳገት ቀለል የሚለው ማርሽ ነው ጉልበቴን ያተረፈልኝ። በነገራችን ላይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ እንደዛሬው እየነዱ ማርሽ መቀየር የተፈቀደው በ1937 ነው፣ ከዛ በፊት ዳገት ሲመጣ ወርደው፣ በሌላኛው ጎኑ ያለውን ቀለል ያለ ማርሽ ለመጠቀም የኋላ ጎማውን እያገላበጡ ነበር የሚወጡት፣ እኔ ብሆን እዛው ጎማውን እንደያዝኩ እቀር ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ የነበርሽው እህቴ፣ አንቺን አይቼ ነው በሰላም የወረድኩት። ፍሬን የምትይዢው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባትሽ በፊት፣ የውጭውን ፔዳል ወደታች፣ አይንሽ ደግሞ መውጫው ላይ፣ ይሄን ሁሉ ስንቴ ሰምቼዋለሁ ግን በአይኔ ሳየው ነው የገባኝ።

ውሃ ያቀበላችሁን፣ ባንዲራ ይዛችሁ መታጠፊያው ላይ ፀሐይ ላይ የዋላችሁ በጎ ፈቃደኞች፣ ፊተኞቹን አይታችሁ ብትሄዱ ኖሮ እኛ ኋለኞቹ መንገድ እንስት ነበር። በየሰዓቱ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚባለውን ሂሳብ ደረት ኪሴ ላይ ጽፋ የለጠፈችልኝ ባለቤቴ፣ ሳይርበኝ በፊት የበላሁት ባንቺ ነው፣ ያንን ቀን ሙሉ ስንት ሰው ጉልበቱ አልቆ ዳር ቁጭ ብሎ አየሁ መሰለሽ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነው። ጎማዬ ሲተነፍስ የቆምክልኝ ልጅ፣ አንተ ካላማዳሪህን ከኪስህ አውጥተህ ከመግጠምህ በፊት ጎማውን በውስጥ በኩል በጣትህ ዳሰስከው፣ ቀጭን ሽቦ ተሰክታ አገኘህ፣ እሷን ሳትነቅል ገጥመኸው ቢሆን ሁለተኛውም እዛው ይተነፍስ ነበር። ስምህን ሳልጠይቅህ ተፈተለክ፣ ሰማያዊ ሄልሜት፣ ጥቁር ሳይክል፣ መሪው ላይ ቢጫ ቴፕ የተጠቀለለበት። የሚያውቀው ካለ ንገሩኝ ባካችሁ፣ አዲስ ካላማዳሪ ገዝቼለታለሁ፣ ቫልቩ ረጅም የሆነውን፣ ልክ እንደሱ።