ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ «ልጄ ስንት ፐርሰንት ይገባል?» ስለሚለው ጥያቄ

ድሬዳዋ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ። በሙቀቱ ምክንያት የጠዋት ሰልፍ 1፡30 ላይ ይጀመራል፤ ዩኒፎርም ያልወሰዳችሁ ከጸሐፊዋ ዘንድ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ቢሮዬ የሚመጣው ወላጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ልጄ ሃርቫርድ የመግባት ዕድሉ ስንት ፐርሰንት ነው?» አንዳንዶቻችሁ ማኅተም ተመትቶበት በወረቀት እንዲሰጣችሁ ጠይቃችኋል። በአክብሮት እመልሳለሁ፤ አልሰጥም። ለማንም አልሰጥም።

እኛ የለመድነው መቁረጫ ነጥብ ነው። በአገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶ ያመጣ አለፈ። የጎረቤቱ ልጅ 90 ቢያመጣ የእሱን ማለፍ አይነካበትም። በ2014 ያን መስመር ያለፈው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ነበር። ሃርቫርድም ከ100 አመልካች የሚቀበለው 3 ወይም 4 ነው። ቁጥሩ ስለተቀራረበ ነገሩ አንድ እንዳይመስላችሁ። እዚያ የማለፊያ መስመር የለም፤ ያለው የተቆጠረ ወንበር ነው። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚወሰደው ፈተና፣ በኤስ ኤ ቲ፣ ከ1600 ውስጥ 1550 ያመጡ ልጆች በየዓመቱ ይመለሳሉ። ሰንፈው አይደለም፤ ወንበር አልቆ ነው። ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከውጭ አገር ለሚያመለክት ከዚህም ይጠብባል።

«ታዲያ የኔ ልጅ ዕድሉ 3 ፐርሰንት ነው ማለት ነው?» ትሉኛላችሁ። እሱም አይደለም። 3 የሁሉም አመልካች ድምር ነው። የአንዱ ልጅ ዕድል ከዚያ ይበልጣል፤ የሌላው ከናካቴው የለም። እኔ ማርኩን፣ ፈተናውን፣ ድርሰቱን፣ ከክፍል ውጭ የሠራውን አያለሁ። ከዓለም ዙሪያ የመጣውን የሌሎቹን ፋይል ግን አላይም። ሳላይ እንዴት ቁጥር ልጻፍ?

«እንግዲያው 20 ቦታ ያመልክት፤ አንዱ አይቀርም» የሚልም አለ። ማመልከቻ የሎተሪ ትኬት አይደለም። 20ውም ቦታ የሚሄደው ያው ማርክ፣ ያው ልጅ ነው። አንዱን ያላሳመነ ፋይል ሌላውንም ላያሳምን ይችላል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። አብዛኞቻችን ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ አንችልም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የውጭ ተማሪ ስንት እርዳታ እንደሚፈልግ አይተው ነው የሚወስኑት። ብዙ የጠየቀ ልጅ ዕድሉ ይቀንሳል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም አይ ቲ ሲመርጡ ይህን አይመለከቱም፤ ከተቀበሉትም ቤተሰብ የማይችለውን ይሸፍናሉ። እንግዲህ ለእኛ ልጆች በገንዘብ በኩል የተከፈተው በር ያው በጣም ጠባቡ ነው። ከዚራ ካፌ ተቀምጦ «90 ፐርሰንት ይገባል» የሚላችሁ ደላላ ይህን ነግሯችኋል? ልጁ ባይገባ ገንዘባችሁን ይመልሳል? ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን የማርኩ ጉዳይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት የሚላከው በትምህርት ቤቱ ፊርማ ነው። «ትንሽ ከፍ ቢደረግ ማን ያውቃል?» ተብያለሁ። በኋላ ቢታወቅ ልጁ ያገኘውን ቦታ ይነጠቃል። ከሱ ቀጥሎ የሚያመለክቱትንም ልጆቻችንን የሚያምናቸው አይኖርም። የ10ኛ ክፍል 78 እንደ 78 ይሄዳል። መምህራንንም ቤታቸው ድረስ እየሄዳችሁ አታስጨንቋቸው። ይህን ሁለተኛ ባልጽፈው ደስ ይለኛል።

«የልጆቹን ተስፋ እየገደሉ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ያመልክቱ! የእያንዳንዱን ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ራሴ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ስለ ልጁ የማውቀውን መልካም ነገር ሁሉ እጽፋለሁ፤ የሌለውን አልጨምርም። ፐርሰንት የማልሰጠውም ልጁ በአንድ ቁጥር ታምኖ ሌላውን እንዳይጥል ነው። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ተቀምጠን ዝርዝር እናወጣለን፤ በጣም ሩቅ የሆኑ፣ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ከአቅሙ ጋር የሚቀራረቡ። ሦስቱም ይኖራሉ። ሦስተኛውን «ይህማ ለኔ ልጅ አይመጥንም» ብላችሁ አትሰርዙብን።

«የሚሄደው አሜሪካ ነው» እያላችሁ ልጆቹን ከክፍል የምታስቀሩ ወላጆች፣ እባካችሁ አቁሙ። የሃርቫርድ የመደበኛው ዙር መልስ የሚመጣው መጋቢት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እምቢ ቢባል ለአገር አቀፍ ፈተና የሚቀረው ጥቂት ወር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ያልተማረውን ያኔ ማን ያስተምረዋል?

የሃርቫርድ የቅድሚያ ማመልከቻ ጥቅምት 22 ይዘጋል፤ መደበኛው ታኅሣሥ 23። ለቅድሚያው ደብዳቤና ትራንስክሪፕት የምትፈልጉ እስከ ጥቅምት 5፣ ለመደበኛው እስከ ኅዳር 30 ጸሐፊዋ ዘንድ ተመዝገቡ። ስትመጡ ልጁን ይዛችሁ ኑ። ከናንተ በፊት እሱን ነው የማናግረው።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ