ለቅዳሜው ስብሰባ፦ የሞኖፖሊን ደንብ አንብባችሁ ኑ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ስንገናኝ ደንቡን የምንመረምረው ጨዋታ ሞኖፖሊ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ቦታ እየገዙና ኪራይ እየሰበሰቡ ተቀናቃኝን የሚያከስሩበት ጨዋታ። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን የደንብ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፤ «እናውቀዋለን» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ሰው የሚጫወተው ከሌላ የሰማውን እንጂ የታተመውን አይደለም።

ጨረታውን ተመልከቱ። ተጫዋች ያረፈበትን ባለቤት የሌለው ቦታ አልገዛም ካለ ቦታው ወዲያው ለጨረታ ይቀርባል፤ እምቢ ያለውም መጫረት ይችላል። ይህ ሲዘለል ቦታዎቹ ሳይሸጡ ይቆዩና ጨዋታው ይንዛዛል። ቅጣትና ግብርን መሃል ላይ አጠራቅሞ ነፃ ማቆሚያ በተባለው የሰሌዳው ማዕዘን ላይ ላረፈ መስጠትም በታተመው ደንብ የለም፤ ጨዋታውንም ያንዛዛል፦ ወደ ባንክ መመለስ የነበረበት ገንዘብ ተጫዋቾች እጅ ስለሚቀር ማንም ቶሎ አይከስርም።

ኪራይ ለመጨመር ቦታ ላይ የሚሠሩትን ትንንሽ ቤቶች ቁጠሩ፦ 32 ቤት፣ 12 ሆቴል። ባንኩ ቤት ከጨረሰ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ነው። ሆቴል ሲሠራ አራቱ ቤቶች ወደ ባንክ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ አራት ቤት ላይ ቆሞ ሆቴል አለመሥራት ተቀናቃኝን ቤት አሳጥቶ ማፈኛ ነው፤ በጣም ያማረ ደንብ! የጠፋውን ቤት በባቄላ ስትተኩ ከ32 አታሳልፉ።

ደንብ ለውጣችሁ ስትሞክሩ በአንድ የሙከራ ጨዋታ አንድ ደንብ ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ከተነካ የትኛው ምን እንዳመጣ አይለይም። ጨዋታው የፈጀውን ሰዓትና ሊገዙ ከሚችሉት 28 ቦታዎች የተሸጡትን ደብተር ላይ ጻፉ።