ስለ ሳተርንሽና ስለ ኮምቦልቻው ውል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከኮከብ ቆጠራ አፕ አውጥተሽ የላክሽልኝን የልደት ሰንጠረዥ፣ ስትወለጂ ፕላኔቶቹ የት እንደነበሩ የሚያሳየውን፣ አየሁት። ሦስት ፕላኔቶች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ሳተርን ደግሞ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን ከሚከፍሉባቸው 12 ቤቶች የሥራ ቤት በሚባለው 10ኛው ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ የኮምቦልቻውን ሥራ ልተወው ወይ ብለሻል። አብሽሪ። መጀመሪያ ነገር ሰዓቱን ተሳስተሻል።

የተወለድሽው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አፑ ላይ የሞላሽው 8 ፒኤም ግን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ትክክሉ 14፡00 ነበር። የ6 ሰዓት ስሕተት ፕላኔቶቹን እምብዛም አያንቀሳቅስም፣ ወደ ኋላ የሚሄዱትም እንደዚያው ይቆያሉ። ቤቶቹን ግን ያዟዙራቸዋል፤ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ነጥብ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚራመድ በ6 ሰዓት ሩብ ክብ ይሞላል። ሳተርንሽ ከ10ኛው ወርዶ 1ኛው ቤት አካባቢ ይገባል ማለት ነው። የወንድምሽን ስታወጪ ደግሞ ቀኑን ጠብቂ፦ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሰው በፈረንጅ ዓርብ 2፡00 ተብሎ ነው የሚገባው።

ወደ ኋላ መሄዱ ራሱ የዓይን ነገር ነው። የሀረጎን ዳገት ስትወጡ ሚኒባሳችሁ የጭነት መኪና ሲቀድም መኪናው ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል፤ መሬትም ሳተርንን ስትቀድመው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጁፒተርና ሳተርን ወደ ኋላ የሚሄዱት ፀሐይ ከእነሱ ራቅ ብላ፣ አራት ምልክት (አንዱ የኮከብ ምልክት 30 ዲግሪ ነው) ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስትሆን ነው። ይህን ለመፈተሻ ያዢው። ፀሐይና ጨረቃ ፈጽሞ ወደ ኋላ አይሄዱም፤ ሜርኩሪም ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ አይርቅም። ሰንጠረዥሽ ከዚህ ውጭ ካሳየሽ የተሞላው ነገር ተሳስቷል።

ብርቅም አይደለም። ሜርኩሪ በዓመት ሦስት ጊዜ ገደማ፣ በየጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ቬነስ በ19 ወር አንዴ 40 ቀን ያህል፣ ማርስ በ26 ወር አንዴ ከሁለት ወር በላይ። ጁፒተር በየዓመቱ 4 ወር፣ ሳተርን 4 ወር ተኩል ግድም። እንግዲህ ከሦስት ሰው አንዱ ሳተርኑ ወደ ኋላ ሲሄድ የተወለደ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሥራ አጥቶ አልቀረም!

ኮከብ ቆጣሪዎቹስ ምን ይላሉ? የምዕራቦቹ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይዞራል ይላሉ፦ ሳተርን ከሆነ አለቃን ከመፍራት ይልቅ ራስን አብዝቶ መቆጣጠር፣ ዕድገት ዘግይቶ መምጣት፤ ሜርኩሪ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ ማረም፣ ይህም ለሒሳብና ለምርመራ ሥራ ይመቻል። ሕንዶቹ በተቃራኒው ወደ ኋላ የሚሄድ ፕላኔት ብርቱ ነው ባዮች ናቸው። ሁለቱም ግን ፕላኔቱ የትኛውን ቤት እንደሚገዛ ሳያዩ አይፈርዱም፤ አፑ ያንን ዘሎ ነው የፈረደብሽ። አንድ ቀንን እንደ አንድ ዓመት የሚቆጥር ስሌትም አለ፦ ከተወለድሽ በ15ኛው ቀን ሜርኩሪ ቀና ካለ፣ ማለትም ወደ ፊት መሄድ ከጀመረ፣ በ15 ዓመትሽ ተቀየረ ይባላል። ሜርኩሪ ወደ ኋላ የሚሄደው ሦስት ሳምንት ያህል ስለሆነ የአንቺው ከ24 ዓመት አያልፍም። ሳተርን ግን ዕድሜ ልክሽን ሳይቀና ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ «ሳተርን እስኪቀና» ብለሽ የምትጠብቂው ነገር የለም።

ወዳጄ፣ ይህን ሁሉ የማስረዳሽ አነባበቡን እንድታውቂው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሾን ካርልሰን ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው ፍተሻ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች የሰውን ሰንጠረዥ ከጠባዩ ጋር ማዛመድ ላይ ከግምት የተሻለ አልሠሩም። «ሜርኩሪ ወደ ኋላ ሲሄድ አትፈርሚ» የሚለውንም ብንቀበል እንኳ፣ ዋና የሚሉት ፕላኔቱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል የቆመ የሚመስልባቸውን ቀናት ነው። ቀጣሪሽ ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቅሽም።

ውሉን ስታነቢ ደመወዙ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ለይተሽ እይ። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ 90 ብለው ጽፈው ከሆነ አስተካክሉልኝ በይ። የትራንስፖርቱ ነገር በቃል ከሆነ አትመኚው፣ በጽሑፍ ያስገቡልሽ። ያልገባሽን አንቀጽ በስልክ አንሥተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ፣ ከደሴ