ለበረዶ ወራት ብስክሌት የሚመረጥ ፍሬም በክብደቱ አይመዘን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ብስክሌትን ከየክፍሉ አሰባስቦ በራስ እጅ ስለመገጣጠም በአንባቢያን አምዳችሁ የተጀመረውን ውይይት በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። ከወጡት ጽሑፎች በአንደኛው፣ በረዶ በሚጥልባቸው ወራት ወደ ሥራ ለመመላለሻ የሚሆን ብስክሌት የሚገጥም ሰው አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ቀላል ፍሬም እንዲፈልግ ተመክሯል። ጸሐፊው ምክሩን በቅንነት እንደሰጡ አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክሩ ለደረቅ አስፋልት ይስማማ እንደሆነ እንጂ፣ በረዶና ጨው በተቀላቀለበት መንገድ ላይ ማለዳ ማለዳ ለሚወጣ ሰው የሚበጅ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሌሎች አንባቢያን ይህንንም ወገን እንዲያዩት ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ፍሬም ከሌሎቹ የብስክሌት ክፍሎች የሚለየው፣ ሲገዛ ያልነበረውን ነገር በኋላ ልንጨምርለት ባለመቻላችን ነው። ጎማው ይለወጣል፤ መሪው፣ ኮርቻው፣ ማርሹም ቢሆን ካልተስማማ በሌላ ይተካል። የኋላ ጎማው በሚያልፍባቸው ቱቦዎች መካከል ለጎማው የተተወው ክፍተት ግን ብየዳው ካለቀ በኋላ አይሰፋም፤ የዲስክ ፍሬን መያዣ የሌለው የፊት ሹካም የፍሬኑን ጉልበት እንዲሸከም ታስቦ ስላልተሠራ፣ በኋላ መያዣ እበይዳለሁ ማለት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ስለዚህ ፍሬም ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሚዛን ሳይሆን መለኪያ ሜትር ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። የክብደቱን ነገር ለማየት ያህል፣ የብረት ፍሬም በአብዛኛው ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የአሉሚኒየሙ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀልላል። ባለ ሚስማር ጎማ አንዱ ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም በሚመዝንበት፣ ቁልፉ፣ መብራቱና የልብስ ሻንጣው በሚጫኑበት ብስክሌት ላይ ያ ግማሽ ኪሎ ምንም አይታወቅም።

ከሁሉ በፊት ሊለካ የሚገባው ለጎማው የተተወው ባዶ ቦታ ነው። በግግር በረዶ ላይ የሚያስተማምነው፣ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠሩ ጥቃቅን ሚስማሮች የተተከሉበት ጎማ ነው፤ ለመመላለሻ ብስክሌት የሚሠሩት አብዛኞቹም ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። በዚህ ላይ ፓራፋንጎ አለ። በበረዶ ወራት ያለ ፓራፋንጎ መንዳት ማለት ጨዋማውን ውኃ በሰንሰለቱ፣ በኩሽኔታዎቹና በነጂው ጀርባ ላይ መርጨት ስለሆነ፣ እንደ ጌጥ ሊቆጠር አይገባውም። ፓራፋንጎ ከጎማው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መስፋት ያለበት ሲሆን በእርሱና በፍሬሙ መካከልም ጥቂት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ለመግጠም የሚያስብ ሰው ቱቦዎቹ በሚጠብቡበት ቦታ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ይፈልግ። የሚለካውም በሦስት ቦታ ነው፤ ከፔዳል ዘንግ ቤት በስተኋላ ባሉት ሁለት አግድም ቱቦዎች መካከል፣ ከኮርቻው ሥር ወደ ኋላ ጎማ በሚወርዱት ቱቦዎች ድልድይ ሥር፣ እንዲሁም ከፊት ሹካው ራስ በታች። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ሰፊውን ቦታ ስለሆነ፣ ገዢው ጠባቡን ራሱ ሊፈልገው ይገባል።

ክፍተቱ ጎማው ሳይነካ እንዲዞር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ችግሩ ከቤት ስንወጣ አይታወቅም። እርጥብ በረዶ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ይሄዳል፤ ብስክሌቱ ውጭ ሲውል ደግሞ ያ ጭቃማ በረዶ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ማታ ባለቤቱ ሲመለስ ጎማው አልዞርም ይላል። ይህን የሚከላከል ቅባትም ሆነ መሣሪያ የለም፤ መድኃኒቱ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

የዲስክ ፍሬን መያዣ ላለው ፍሬም ችግሩን የሚያቃልል አንድ ዘዴ አለ። በአብዛኞቹ የመንገድ ብስክሌቶች ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ መጠን የተሠራ ፍሬም ላይ 584 ሚሊ ሜትር የሆነውን አነስተኛ ቸርኬ ገጥመን 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ብናደርግበት፣ የውጪው ዲያሜትር 678 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህም 622 ቸርኬ ላይ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲደረግ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። በመሆኑም የፔዳሉ ከመሬት ከፍታ ሳይለወጥ ሰፊ ጎማ ይገኛል። ይሁን እንጂ ዘዴው የሚያድነው በቁመት በኩል ነው፤ ቱቦዎቹ በጎን ከጠበቡ ምንም አይረዳም። ቸርኬውን በጎማ ሸክላ ቆንጥጦ የሚያቆም ፍሬን ባለው ፍሬም ላይ ደግሞ ሸክላዎቹ ወደ አነስተኛው ቸርኬ ስለማይደርሱ ነገሩ ከነጭራሹ አይሆንም።

ስለ ፍሬን ከተነሣ ዘንድ፣ ቸርኬ የሚቆነጥጠው ፍሬን በበረዶ ወራት ሁለት ጉዳት አለበት። ቸርኬው ሲርስና በረዶ ሲለብስ ለመያዝ ይዘገያል፤ በመንገዱ ላይ የሚበተነው አሸዋም ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ቸርኬውን እየሞረደ ይበላዋል። ስለዚህ በሹካውም በኋላውም የዲስክ ፍሬን መያዣ ያለውን ፍሬም አስቀድማለሁ። መያዣውን ለመለየት የሁለቱን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት መለካት ይበቃል፤ 51 ሚሊ ሜትር ወይም 74 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቀላሉ የሚገኙ ፍሬኖች ይገጥሙለታል። ይህ ከሌለ፣ ለኋላ ጎማ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ወይም በሞዞው (አክስሉ በሚያልፍበት የጎማው እምብርት) ውስጥ የተዘጋ የከበሮ ፍሬን አለ፤ ሁለቱም ክንዳቸውን የሚያስሩበት ጠንካራ ቱቦ እንጂ የተለየ መያዣ አይጠይቁም።

ወደ ብረቱ ዓይነት ስንመጣ፣ ዋናው ጠላት ብርዱ ሳይሆን ጨው ነው። ንጹሕ ውኃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፤ ከመቶ 23 እጅ ያህል የገበታ ጨው የሟሟበት ውኃ ግን ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ጨው የተነሰነሰበት መንገድ ሌላው ሁሉ በረጋበት ቀን እንኳ እርጥብ የሚሆነው፣ ፍሬማችንም ወራቱን ሁሉ በጨው ውኃ ሲታጠብ የሚከርመው ስለዚህ ነው። የጨው ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተገናኙበት ቦታ፣ ለምሳሌ የአሉሚኒየም የኮርቻ ዘንግ በብረት ፍሬም ውስጥ ሲገባ፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ከራሱ ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ዘንጉን ከቱቦው ጋር እንደ ተበየደ አድርጎ ያጣብቀዋል። አሉሚኒየም ከካርቦን ፋይበር ጋር ሲገናኝም ተበዪው አሉሚኒየሙ ነው። መከላከያው ዘንጉን በግሪስ ቀብቶ ማስገባትና በወራቱ መካከል አውጥቶ እንደገና መቀባት ነው። ይህን ለማድረግ የማይታክት ሰው ከየትኛውም ብረት የተሠራ ፍሬም ለብዙ ዓመት ያገለግለዋል።

የእኔ ምርጫ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት፣ ክሮሞሊ የሚባለው ብረት ነው። ብዙ ሰው በስሙ ምክንያት የማይዝግ ይመስለዋል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ግን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ይዝጋል፤ የማይዝግ ብረት ለመባል ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያስፈልጋል። የሚዝገውም ቀለም ባለበት በውጪው በኩል ሳይሆን፣ ውኃ በኮርቻው ቱቦና በብየዳ ቀዳዳዎች ገብቶ በሚተኛበት በውስጡ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ ከመገጠማቸው በፊት ባዶውን ፍሬም ይዞ የዝገት መከላከያ ዘይት ወይም ሰም በየቱቦው ውስጥ መርጨት፣ እያገላበጡም እንዲዳረስ ማድረግ ይገባል፤ በፔዳል ዘንግ ቤት ሥር ውኃ ማውጫ ቀዳዳ መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። ራሱ ለሚገጥም ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ተገጣጥሞ የተገዛ ብስክሌት ውስጡ እንዲህ ተራቁቶ አይገኝምና። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት ባያወጣም ጨው ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረገ ይበላዋል። ቲታኒየም አይዝግም፤ ዋጋው ግን ጨው ላይ ለሚውል ብስክሌት ያሳሳል።

ብረትን እንድመርጥ የሚያደርገኝ ሌላው ነገር የኋላ ጎማው ሞዞ ስፋት ነው። የቀድሞ የመንገድ ብስክሌቶች 126፣ በኋላ የመጡት 130፣ የተራራ ብስክሌቶችና ብዙዎቹ ባለ ዲስክ ፍሬን ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ወፍራም አክስል የሚያልፍባቸው አዳዲሶቹ 142 ሆነዋል። የብረት ፍሬም ከ130 ወደ 135 በጥንቃቄ ሊከፈት ይችላል፤ በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፤ ከዚያ በኋላ አክስሉ የሚቀመጥባቸውን ሁለት ጆሮዎች ትይዩ አድርጎ ማቅናት ይጠይቃል። አሉሚኒየምን እንዲህ ማጠፍ ስንጥቅ መጥራት ነው፤ ካርቦንንማ ማሰብም አይገባም።

እነዚያ ጆሮዎች የተቆረጡበት አቅጣጫም ብዙ ይወስናል። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘዋውረው መሣሪያ በበረዶ ሲሞላ ማርሽ መቀየር ያቆማል፤ ማርሹ በሞዞ ውስጥ የተዘጋው ዓይነት ግን ከዚህ ነጻ ነው። ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ባለ ሦስት ማርሹን ሞዞ ማምረት ከጀመረበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈተነ አሠራር ነው። ይህን ወይም ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ሰንሰለቱን የሚወጥረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ስለሆነ፣ ጆሮዎቹ በአግድም የተቆረጡ ወይም የሚንሸራተቱ መሆናቸውን ያረጋግጥ። በሰንሰለት ፈንታ ቀበቶ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ የተለመደው ቀበቶ እንደ ሰንሰለት ተቆርጦ ስለማይቀጠል፣ የኋላ ጎማውን ከሚይዙት ቱቦዎች አንዱ የሚከፈት ፍሬም ካልያዘ ዕቅዱን ይተው። የፔዳል ዘንግ ቤቱ በብሎን ጥርስ የሚጠበቀው ዓይነት፣ በተለይ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእንግሊዝ ልክ፣ በግፊት ከሚገባው ይልቅ ጨውና ውኃን ይችላል፤ ክፍሉም በየትም ይገኛል።

ስለ ፍሬሙ ቅርጽ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለውን ፍሬም ብዙ ወንዶች የሴት ነው ብለው ያልፉታል። በበረዶ ላይ ጎማው ከሥራችን ሲሸሽ ግን እግርን በፍጥነት ወደ መሬት ማድረስ ከመውደቅ ያድናል፤ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ የተጫነ ሻንጣ ከኋላ እያለ እግርን ከፍ አድርጎ መሻገርም አስቸጋሪ ነው። ከኋላ ከባድ ጭነት ሲኖር እንዲህ ያለው ፍሬም በመጠኑ ሊወዛወዝ ይችላል፤ በመመላለሻ ፍጥነት ግን ጉዳት የለውም፤ ሰውም በዚህ ሊያፍር አይገባም። እንዲሁም በወፍራም ቦቲ ጫማ ፔዳሉን ወደ ፊት አድርጎ መሪውን ማዞርና የጫማው ጫፍ ከፓራፋንጎው ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን ማየት ያስፈልጋል። ተረከዝም ወደ ኋላ ሲሄድ የጎን ሻንጣውን እንዳይመታ የኋላ አግድም ቱቦዎቹ ረዘም ቢሉ መልካም ነው። ለፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛ የሚሆኑ የብሎን ቀዳዳዎች ከሌሉ፣ ፍሬሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሻ ሰው፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሠሩትን የፊት ስፕሪንግ የሌላቸው የብረት የተራራ ብስክሌቶች ቢፈልግ ካልኳቸው አብዛኞቹን ያገኛል። ቸርኬያቸው 559 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለሰፊ ጎማ በቂ ክፍተት አላቸው፤ ብዙዎቹም የዕቃ መጫኛ ቀዳዳና በብሎን ጥርስ የሚጠበቅ የፔዳል ዘንግ ቤት አላቸው። የሚጎድላቸው የዲስክ ፍሬን መያዣ ነው። ከመግዛት በፊት የኮርቻው ዘንግ መንቀሳቀሱን ማረጋገጥ፣ የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ቀለሙ ተጨማድዶ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ በጣት መዳበስ፣ ከአንዱ የኋላ ጆሮ ተነሥቶ በመሪው ቱቦ ዞሮ ወደ ሌላው ጆሮ የሚመለስ ሲባጎ ወጥሮም ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ መለካት ያስፈልጋል። ሁለቱ ርቀቶች ካልተካከሉ ፍሬሙ ተጣምሟል። የፍሬሙን ቁጥር አይቶ የሻጩን ባለቤትነት መጠየቅም አይረሳ።

በመጨረሻም ፍሬም ለሚሸጡ ሰዎችና ማስታወቂያቸውን ለምታወጡት ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ክብደቱና ቀለሙ በጉልህ ሲጻፍ፣ ከፓራፋንጎ ጋር የሚገባው ትልቁ የጎማ ስፋት፣ የኋላ ሞዞው ልክና የፔዳል ዘንግ ቤቱ ዓይነት ግን አይጠቀሱም። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንድ መስመር እንኳ አይሞሉም። ዝግጅት ክፍሉ ሻጮች ከማስታወቂያቸው ጋር እንዲያቀርቧቸው ቢጠይቅ፣ ገዢዎች ፍሬሙን ቤታቸው ወስደው ጎማው አልገባ ሲላቸው ከመመለስ ይድናሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ብስክሌት ገጣጣሚ አንባቢ