በጥገና ውሉ ላይ የጠጋኙ ጤናም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሥራዬ የኮፒ ማሽን ጥገና ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የመሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የፋብሪካና የሱቅ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩበት ሥራ ነው፤ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ሰው የኛን ሥራ የቢሮ ሥራ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ጥላ ሥር ነው፣ ዝናብ አይመታም፣ ሸክም የለበትም ይላል። ባለፈው ክረምት ሳል አልለቅ ብሎኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያየኝ ወጣት ሐኪም ነው፤ ደግ ልጅ። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለኝ። አላጨስም አልኩት። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲለኝ ኮፒ ማሽን እንደምጠግን ነገርኩት። ካርዱ ላይ «የቢሮ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። አልፈርድበትም። ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ማን ነገረው? ይህን ደብዳቤ እሱም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

እስቲ ከቶነር ልጀምር። ቶነር ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚያትምበት ደረቅ ቀለም ነው፤ በአብዛኛው የላመ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ጥቁሩ ካርቦን ብላክ የሚባል ጥላሸት አለበት፤ አንዳንዱ ላይ ብረት ኦክሳይድም ይጨመራል። የአንዷ ቅንጣት ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን እንደሚጠጋ አስቡ። ይህን ያህል የደቀቀ ነገር አንዴ ከተነሳ ቶሎ አያርፍም። ማሽን ከፍቼ ስሠራ ውዬ ማታ አፍንጫዬን ስናፈጥ መሐረቡ ጥቁር ነው። ሚስቴ የሥራ ሸሚዜን ከልጆቹ ልብስ ጋር አታጥብም። በሙቅ ውሃማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ቶነር ሙቀት ሲነካው ይቀልጥና ከጨርቁ ጋር ይጣበቃል። መጀመሪያ ደጅ ይራገፋል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። እጅም እንደዚያው።

ሰው ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካርቦን ብላክን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ጋር መድቦታል። ቶነር ውስጥ ያለው ካርቦን ግን ከፕላስቲኩ ጋር ተዋህዶ የተያዘ ነው። ጥላሸቱ እንዳለ ከሚቦንበት ፋብሪካ ጋር አንድ ተደርጎ አይታይም። እኔ በየቀኑ የማየው ሌላ ነው። ማስነጠስ አለ፣ የዓይን ማሳከክ አለ፣ ሌሊት ሌሊት የሚነሳ ደረቅ ሳል አለ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቶነር የተበተነበት ክፍል ሲገባ ወዲያው ያፍነዋል። ይህ በቂ ነው። ሥራችንን በጥንቃቄ ለመሥራት የግድ ካንሰር መሆን የለበትም።

አሁን አሁን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሥራውን የያዙት ወጣት ልጆች ነገር ነው። ፒያሳ አካባቢ ካርትሪጅ፣ ማለት የቶነር መያዣ፣ የሚሞላ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። አንድ ቀን ዕቃ ልዋሰው ገብቼ ቆሜ አየሁት። በጋለ ብረት የካርትሪጁን ፕላስቲክ ይበሳል። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል፤ ፊቱን እንኳ ዞር አያደርግም። ወረቀት በሾጣጣው ጠቅልሎ ቶነሩን ይገለብጣል። ከዚያ በፕላስተር ይደፍንና የፈሰሰውን በአፉ እፍ ይላል። ዱቄቱ ተነስቶ ቅንድቡ ላይ፣ ጎን በተቀመጠው ሻይ ላይ፣ ወንበር ላይ ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ላይ ይሰፍራል። አንዷ ልጅ አዝላ ነበር።

«ለምን ማስክ አታደርግም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ማስክ ሳደርግ ደንበኛው በሽታ ያለብኝ እየመሰለው ይሸሻል» አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነው። ግን መፍትሔው እፍ ማለት አይደለም። በትንሹ የራሰ ጨርቅ የፈሰሰውን ያነሳዋል። ሥራውን በር ላይ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ማስኩም ተራው የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው መሆን አለበት። ኮምፕሬሰር ያላቸው ደግሞ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ይነፉታል። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ዱቄቱን ከማሽኑ አውጥቶ ወደ ሰው ሳንባ መላክ ማለት ነው። የምንጣፍ ቫኪዩምም አይሆንም። ማጣሪያው ለዚህ የደቀቀ ዱቄት ስላልተሠራ ከፊት የሳበውን ከኋላ ይተፋዋል። ለቶነር ተብሎ የሚሠራ ቫኪዩም አለ፣ ግን ውድ ነው። በኛ ከተማ አንድ ጠጋኝ ለብቻው ገዝቶ የሚያዋጣው አይደለም።

ሳይታተም የተረፈው ቶነር ማጠራቀሚያም ጉዳይ አለ። ሞላ ሲባል ብዙዎች አውጥተው ቦይ ውስጥ ይደፉታል። ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚወርድ የደሴን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ክዳኑ ተዘግቶ፣ በላስቲክ ታስሮ መጣል ነው ያለበት።

ቀጥሎ ፊውዘር። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቀው ክፍል ማለት ነው። እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። ወረቀት በብዛት የሚይዘውም እዚያው ነው። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ግን ማን ያስጠብቃል? በፈተና ሰሞን ትምህርት ቤት የተጠራ ጠጋኝ የሚያጋጥመውን ልንገራችሁ። ነገ ጠዋት ፈተና ነው። የአምስት ክፍል ወረቀት ገና አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጸሐፊዋ ልታለቅስ ደርሳለች። «እባክህ ቶሎ በልልን» ትልሃለች። እጅህን ትሰዳለህ። የብዙዎቻችን ክንድ ከእጅ አንጓ በላይ ጠባሳ ነው፤ የኔም። እነዚያ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ማሽኑ እስኪበርድ መጠበቅ የሥራው አካል መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ኦዞን የሚባለው ጋዝም አለ። በተለይ ኮሮና የሚባል ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ያላቸው የቆዩ ማሽኖች ሲሠሩ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ያወጣሉ። አዳዲሶቹ በሮለር ስለሚሠሩ በጣም ቀንሷል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ግን መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። ብዙ ጊዜ ማሽኑ የሚቀመጠውም ደረጃ ሥር ወይም መዝገብ ቤት ጥግ፣ ፋይል ተከምሮበት ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ሠርቼ እወጣለሁ። ኮፒ የምታደርገው ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። ይህን የምጽፈው ለሷም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ወገብ ልምጣ፤ ብዙዎቻችንን ከሥራ ያስወጣው እሱ ነውና። ኮፒ ማሽንን የፈጠረው አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጽሑፍ በእጁ እየገለበጠ ይሠራ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረበት መገልበጡ ያሠቃየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን ቅጂ አወጣ። የሰውን አካል ከድካም ለማሳረፍ የመጣ ማሽን ነው። ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የወጣው ዜሮክስ 914 ወደ 300 ኪሎ ይጠጋ ነበር። የዛሬዎቹ የቢሮ ማሽኖች ቀለል ብለዋል ቢባልም፣ ኤ3 የሚባለውን ትልቅ ወረቀት የሚያወጣው ከነመሳቢያዎቹ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በኛ ከተሞች ደግሞ ሊፍት ያለው መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ መውጣትና መውረድ ነው።

አብሮኝ ሥራ የጀመረ ጓደኛዬ ነበር። ከኔ የበለጠ ባለሙያ፤ የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ የቱ የማርሽ ጥርስ እንደተሰበረ ይነግርሃል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ማሽን ሲያወርዱ ከላይ የያዘው ሰው እጁ ከዳው። ክብደቱ በሙሉ ከታች በነበረው በጓደኛዬ ላይ መጣ። ማሽኑን አልለቀቀውም፤ የሰው ንብረት ነው ብሎ ይዞት ወረደ። ማታ ከአልጋ መነሳት አቃተው። መጀመሪያ ወጌሻ አሸው። በኋላ ሐኪም ቤት ዲስኩ ተንሸራቷል አሉት። ዛሬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም። ያ መሥሪያ ቤት ማሽኑ ደህና መድረሱን አረጋግጦ የፈረመበት ወረቀት አለ። ስለ ሰውዬው የተጻፈ ምንም ወረቀት የለም።

ባትሸከም እንኳ ሥራው ጎንበስ ብሎ ነው። ማሽኑ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ የኋላውን ለመክፈት ሲሚንቶ ላይ ተንበርክከህ፣ አንገትህን አጣመህ፣ ባትሪ በጥርስህ ይዘህ ነው። የደሴ ሲሚንቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ጉልበቴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መኪና ውስጥ ብቻ ተቀምጬ ይቆረጥመኛል። ከጊዜ በኋላ አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ መንበርከኪያ ሠራሁ። ለወጣቶቹ የምመክረው አንዱ እሱ ነው፤ ምንም አያስወጣም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ካዳረሰ በኋላ ደግሞ ሥራችን ሌላ መልክ ያዘ። ቢሮዎች ተሰባብረው፣ ማሽኖች ተገልብጠው ቀርተው ነበር። ከተሰበሩት ሁለት ሦስት ማሽኖች ዕቃ እየፈታን አንድ እናነሳ ነበር። ቶነሩ ሞተሩ ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በየማርሹ ተደፍቷል። ሕዝቡ አገልግሎት ይፈልግ ነበር፤ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ወረቀት ይገለበጥለት ነበር። ቀን ከሌት ሠራን። በዚያ ሥራ ዛሬም እኮራለሁ። ያኔ አንድ ካርቶን ደህና ማስክ ያቀበለን ቢኖር ግን ብዙዎቻችን ዛሬ የምንስለውን ያህል አንስልም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ከሥራ ጋር የተያያዘ በሽታንም በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። ችግሩ እኛ አብዛኞቻችን የማንም ቅጥር አይደለንም። በጨረታ ወይም በስልክ ጥሪ ነው የምንሠራው። ጨረታው ላይ የሚታየው ዋጋ ነው። ዝቅተኛ የሰጠ ያሸንፋል። ዝቅ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ረዳት ሰው ነው፣ ቀጥሎ ማስክና ጓንት። ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ ያለው ተሸንፎ፣ ብቻዬን እሸከመዋለሁ ያለው ያሸንፋል። የሰነዱን አሥር ገጽ ብታገላብጡ የመለዋወጫው ዓይነት፣ የዋስትናው ጊዜ፣ የዘገየ የሚቀጣው ሁሉ አለ። ስለ ጠጋኙ ደኅንነት አንድ መስመር የለም።

የምጠይቀው ይህ መስመር እንዲገባ ነው። ማሽን ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲዛወር መሥሪያ ቤቱ ሸካሚ ሰዎች ያቅርብ፤ ወይም ዋጋው ለብቻው ተሰልቶ ይያዝ፣ በዚያም ተጫራቾች አይፎካከሩ። ማሽኑ መስኮት ባለበት ክፍል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ምድር ቤት ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦታ የመቀየር ጉዳይ ነው። ፊውዘር እስኪበርድ ያለው ጊዜ የዘገየ ቅጣት እንዳይታሰብበት በውሉ ይጻፍ። የቶነር ቫኪዩሙን ደግሞ ብዙ ማሽን ያላቸው ተቋማት አንድ ገዝተው ንብረት ክፍል ቢያስቀምጡት፣ የመጣ ጠጋኝ ሁሉ ፈርሞ ተጠቅሞበት ይመልሰዋል። ለዓመታት ያገለግላል፤ ለማሽኑም ዕድሜ ይጨምራል።

የሁለቱ ከተሞች ፖሊቴክኒክ ኮሌጆችም ልጆቹን ካቻቪቴ አያያዝ ከማስተማራቸው በፊት ዕቃ አነሳሥ ያስተምሩልን። ጀርባ ሳይጎብጥ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ሸክሙን ወደ ደረት አስጠግቶ መነሳት የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። አስተማሪ ቢጠፋ እኔ በነፃ መጥቼ አሳያለሁ። ጓደኛዬም ይመጣል፤ እሱ ቆሞ ሲናገር ልጆቹ ይሰሙታል።

የግዢ ክፍል ኃላፊዎች፣ ሰኔ ሲደርስ ሁላችሁም እንደምትጣደፉ አውቃለሁ። ለሐምሌ የሚሆነውን የጥገና ጨረታ ሰነድ ግን ከአሁኑ ነው የምታዘጋጁት። ያለፈውን ዓመት ሰነድ ቀን ብቻ ቀይራችሁ ከማውጣታችሁ በፊት በየከተማችሁ ያለነውን ጠጋኞች አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩን። ምን እንደሚጨመር እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የኮፒ ማሽን ጥገና ባለሙያ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)
ደሴ